ከሰዓት በኋላ የሚላቀቀው የሮል ቅጥያ

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «አዳማ ውስጥ በአንድ የካርቶን ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ማሽናችን አሮጌ ነው። የወረቀት ሮል ሲያልቅ በራሱ አይቀጥልም፤ አቁመን በእጅ እንቀጥላለን። የምንጠቀመው ካርቶን የሚታሸግበትን ቡናማ ፕላስተር ነው። ጠዋት ደህና ይውላል፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን ከአሥር ቅጥያ ሦስቱ አራቱ ይላቀቃል። ቁርጥራጫችንን የሚገዛው ድርጅትም ፕላስተር በዛበት ብሎ ዋጋ ሊቀንስብን ነው። አለቃዬ ‹ወፍራም ፕላስተር ግዛና ሁለቴ ደርበህ ለጥፍ› ይለኛል። ጋሼ፣ ምን ዓይነት ፕላስተር ልግዛ?»

ወንድሜ፣ የፕላስተሩን ዓይነት እነግርሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ነገ ከሰዓት አንዱ ቅጥያ ሲላቀቅ ፕላስተሩን ጨምድደህ እንዳትጥለው። ከሁለቱም ወገን ክንድ ክንድ ያህል ወረቀት ጨምረህ ቁረጠው፣ ወደ ብርሃን አውጣው፣ ገልብጠህ እየው። ወረቀት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከፊሉን እዚሁ አዳማ። ቅጥያው ለምን እንደተላቀቀ ሳይታይ የተገዛ ፕላስተር መጋዘን ሲያጣብብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የተላቀቀ ቅጥያ የጎዳውን ነገር ፊቱ ላይ ይዞት ይመጣል።

የምታየው ከሦስቱ አንዱን ነው። ሙጫው ላይ ጸጉር የመሰለ ቡናማ የወረቀት ቃጫ ተነቅሎ ከተለጠፈበት፣ ሙጫው ሥራውን ሠርቷል፤ የተሸነፈው ወረቀቱ ነው። እንዲህ ከሆነ የትኛውንም ፕላስተር ብታመጣ አይጠቅምህም፤ ፍሬኑን፣ ውጥረቱን፣ የአቀጣጠሉን ቀጥ ማለት ነው የምታየው። ሙጫው አንዳች ቃጫ ሳይዝ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ወይም አመድ የነካው ያህል ከደበዘዘ ግን፣ ከወረቀቱ ጋር መጀመሪያውኑ አልተገናኘም። አቧራ ወይም ዘይት ገብቶበታል፤ ካልሆነም በደንብ አልተጫነም። ሦስተኛው፣ ሙጫው ለሁለት ተከፍሎ ከፊሉ ፕላስተሩ ላይ፣ ከፊሉ ወረቀቱ ላይ ሲቀርና በጣትህ ስትነካው እንደ ማስቲካ ሲሳብ ነው። ይሄ ሙቀት ያለሰለሰው ሙጫ ነው።

ቅጥያውን ሳላይ ልፈርድ አልችልም። ሆኖም ጠዋት ይዞ ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚላቀቅ ከሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተደርበውብህ ይመስለኛል። ምክንያቱን ልንገርህ።

የአዳማን የበጋ ከሰዓት ታውቀዋለህ። ከከተማው ዳር ተርባይኖቹን የሚያሽከረክረው ንፋስ በመጫኛው በር ገብቶ ቀይ አቧራውን መደርደሪያው ላይም፣ ሮሉ ላይም፣ እጃችሁ ላይም ያሳርፈዋል። በዚያ ላይ ከድጋሚ ወረቀት የተሠራ ሮል የራሱ ብናኝ አለው፤ ከቢላዋው የሚነሳውም ይጨመራል። እንዲህ አድርገህ ፈትሸው፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በንጹሕ ጥቁር ጨርቅ የሚቀጠለውን የወረቀት ጫፍ አንድ ጊዜ ጥረግ። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ በሌላ ጥቁር ጨርቅ ያንኑ ድገም። ሁለቱን ጨርቆች ጎን ለጎን አስቀምጠህ ለአለቃህ አሳየው። ፕላስተሩ ወረቀቱን ሳይሆን አቧራውን እንደያዘ ያኔ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግህም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የሮሉን መጠቅለያ ቀደም ብላችሁ ገፍፋችሁ አታቁሙት፤ ማሽኑ ላይ ሊወጣ ሲል ብቻ ይገፈፍ። ፕላስተር ከመለጠፋችሁ በፊት የላይኛውን አንድ ሁለት ዙር ጣሉ፤ ከሥሩ የሚወጣው ፊት አቧራ ያልነካው ነው። በኮምፕሬሰር አየር መንፋት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ እኔ አልወደውም፤ አቧራውን ከአንዱ ሮል አንስቶ ሌላው ላይ ያሳርፈዋል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ሙጫውን ደግሞ በጣት አትንኩ። ፕላስተሩን ጫፉን ይዞ ሲጎትት አውራ ጣቱን ሙጫው ላይ የሚያሳርፍ ሠራተኛ አለ፤ ያችን ጫፍ ቆርጦ ይጣላት። ቅጥያ መከፈት የሚጀምረው ከዳር ነውና።

ስለ ዘይት አንድ ነገር ልንገርህ። ወጣት ሳለሁ በአንድ ፋብሪካ አንድ ሳምንት ሙሉ በአንደኛው የሮል ማቆሚያ ላይ ብቻ ቅጥያ አልይዝ አለን። ፕላስተር ለወጥን፣ ሠራተኛ ለወጥን፣ ሮል ለወጥን። የተላቀቀው ፕላስተር ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር፤ አንድም ቃጫ የለውም። በስምንተኛው ቀን አንዲት ጽዳት ሠራተኛ «እዚህ ጋ ወለሉ ያንሸራትተኛል» አለች። ለካስ ጥገናው ከላይ ያለውን ሰንሰለት በሲሊኮን ስፕሬይ ይረጨው ነበር፤ ብናኙ ደግሞ ከሥር በቆመው ሮል ላይ ያርፋል። ሲሊኮን ፕላስተር እንዳይጣበቅ የሚላጠው ወረቀት የሚቀባው ነገር ነው፤ ትንሹም ይበቃል። ስለዚህ ጥገና ክፍላችሁን በመቀጠያው አካባቢ ምን እንደሚረጩ ጠይቅ። ከሰዓት ፈረቃ ሲገባ የሚረጩት ነገር ካለ ሰዓቱን መጨረሻ ላይ ከምነግርህ ምዝገባ ጋር አስተያይ።

ሙቀቱ ሌላው ነው። ፕላስተራችሁ የሚቀመጠው የት ነው? ቆርቆሮ ጣራ ሥር ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ወይም ቦይለሩ አጠገብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሙጫው ለስልሶ ነው እጃችሁ የሚገባው። አምራቾች በአብዛኛው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ ይላሉ፤ ካርቶኑ ላይ ጊዜውም ተጽፏል። ቢሮ ውስጥ አንድ ቁም ሳጥን ለምን፤ የየፈረቃውን ብቻ አውጣ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

የሙጫው ዓይነትም ይለያያል። ጎማ ነክ ሙጫ ሲነካ ወዲያው ቀጭ ብሎ ይይዛል፤ ሙቀት ሲያገኘው ግን ይለሰልሳል፣ ጭነት ሲበዛበት ቀስ እያለ ይንሸራተታል። አክሪሊክ ሙጫ ደግሞ በመጀመሪያ ዘገም ይላል፤ ግፊትና ጥቂት ጊዜ ካገኘ በኋላ ሙቀትን ከጎማው ይበልጥ ይችላል። ከገበያ የምታገኙት ቡናማ ፕላስተር ከሁለቱም ዓይነት አለው፤ ከላይ ሲያዩት አይለይም። አንድ ሳምንት የያዘው በሚቀጥለው ሳምንት የማይዘው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ከሙጫውም በላይ የሚያሳስበኝ ፕላስቲኩ ነው። ያ ቡናማ ፕላስተር በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በ10 ባር ግፊት ባለ እንፋሎት የሚሞቅ ሮለር ውስጥ ያለው እንፋሎት ከ180 ዲግሪ ያልፋል። ማሽኑ እየሄደ ሲያልፍ ንክኪው አጭር ስለሆነ ፕላስተሩ ተኮማትሮም ቢሆን ያልፍ ይሆናል። ቅጥያው ትኩሱ ሮለር ላይ እያለ ማሽኑ ከቆመ ግን ይቀልጥና ሮለሩ ላይ ይጋገራል። ሮለራችሁ ላይ በቢላዋ የምትፍቁት ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ምንጩ ይኸው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የትኛውንም ፕላስተር ተጠቀሙ፣ ቅጥያው ትኩሱን ክፍል እስኪያልፍ ድረስ ማሽኑ አይቁም፤ ኦፕሬተሩ ይህን እንዲያውቀው አድርግ። ሰው አደጋ ላይ ከሆነ ግን ወዲያው ይቆማል፤ ሮለሩ በኋላ ይፋቃል።

አለቃህ «ወፍራም ግዛ፣ ደርብ» ያሉት ለምን እንደማይሠራ በቁጥር እንየው። ስፋቱ 160 ሴንቲሜትር የሆነ ወረቀት በጠቅላላው በ50 ኪሎ ይሳብ እንበል። ባለ 5 ሴንቲሜትር ፕላስተር ከዳር እስከ ዳር ስትለጥፍ ግማሹ አንዱን ወረቀት፣ ግማሹ ሌላውን ይይዛል። ለእያንዳንዱ ወረቀት 400 ካሬ ሴንቲሜትር የተለጠፈ ፊት አለህ ማለት ነው። ሲካፈል ለአንዱ ካሬ ሴንቲሜትር የሚደርሰው 125 ግራም ነው። ይህን በደንብ የተጫነ ማንኛውም ደህና ፕላስተር ይሸከመዋል። ታዲያ ለምን ይላቀቃል? ጭነቱ በፊቱ ሁሉ ላይ ስላልተካፈለ ነው። ከዳር ብድግ ያለች ትንሽ ጫፍ ካለች ጭነቱ ሁሉ እሷ ያለችበት ቀጭን መስመር ላይ ያርፋል፤ ከዚያ እንደ ዚፕ ይከፈታል።

በእጅህ ሞክረው። ሦስት ጣት ስፋት ያላቸው ሁለት የክራፍት፣ ማለት የቡናማው ካርቶን ወረቀት፣ ቁራጮች በፕላስተር ቀጥል። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ ግራና ቀኝ ሳብ፤ በሙሉ ጉልበትህ ብትስብም ላይለቅ ይችላል። ቀጥለህ የፕላስተሩን ጫፍ ወደ ላይ አንሥተህ ወደ ኋላ ላጠው፤ በሁለት ጣት ይወጣል። ያው ፕላስተር፣ ያው ወረቀት። ማሽኑ ላይ ቅጥያችሁን የሚያሸንፈው መሳቡ ሳይሆን መላጡ ነው። ፕላስተር ስትደርብ ደግሞ ቅጥያው ይደነድናል፣ በትንሽ ሮለር ላይ ሲታጠፍ ጫፉ ይበልጥ ብድግ ይላል። ሁለተኛው ንብርብር የሚያርፈው የፕላስተር ጀርባ ላይ ነው፤ ያ ጀርባ ከጥቅሉ በቀላሉ እንዲፈታ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በደንብ አይዝም። የሞገዱን ሮለር፣ ማለት ወረቀቱን እያጠፈ ሞገድ የሚያደርገውን፣ የሚመታው ጉብታም እጥፍ ይሆናል።

እንዴት ይቀጠል ወደሚለው ልምጣ። ከሁሉ በፊት መቀጠያ ጠረጴዛ ያስፈልጋችኋል። ቅጥያ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ወይም ሮሉ ላይ ተጎንብሶ በደንብ አይጫንም። ቅንጡ ነገር አልልህም፤ ላዩ ለስላሳ የሆነ፣ ከወረቀታችሁ ስፋት ትንሽ የሚበልጥ ጣውላ፣ በላዩ ላይ ሁለት ወረቀት መጨበጫ የብረት ዘንግ፣ መሐሉ ላይ የቢላዋ መሄጃ ሽንቁር። አዳማ ውስጥ የበርና መስኮት ብረት የሚሠሩ ቤቶች ሁሉ ይሠሩልሃል። ዋናው ነገር ሽንቁሩ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ፍጹም ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ነው። የድሮውና የአዲሱ ወረቀት ጠርዝ በአንድ መስመር ካልዋለ አንዱ ዳር ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፤ ሌላው ዳር ይንጠለጠላል፤ ቃጫ ተነቅሎበት የምታገኘው ቅጥያ አብዛኛውን ጊዜ ጠማማ ነው።

አቆራረጡ በአዲስ ምላጭ ይሁን። የተቀደደ ጫፍ ላይ ፕላስተር አይለጠፍም፤ እያንዳንዷ ቅድ ራሷን የቻለች የመላጫ መጀመሪያ ናት። ፊት ለፊት የምትገጥሙ ከሆነ፣ ማለት ሁለቱ ጫፎች ሳይደራረቡ ተነካክተው ከቆሙ፣ ባለ አንድ ፊቱን ፕላስተር ከላይም ከታችም ለጥፉ። በአንድ ወገን ብቻ የተለጠፈ ቅጥያ በሮለር ላይ ወደ ተቃራኒው ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል።

እኔ ለእናንተ የምመርጠው ግን ተደራራቢውን ነው፤ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሁለት ወረቀት ስትደርብ ሁለት ነጻ ጫፍ ይኖርሃል፤ የድሮው ወረቀት መጨረሻና የአዲሱ መጀመሪያ። የድሮው ጫፍ ወደ ኋላ ነው የሚያየው፤ የሚመጣበት ነገር የለም፤ ቢንቀለቀልም ተጎትቶ ያልፋል። የአዲሱ ጫፍ ግን ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ የሚያገኘውን ዘንግ፣ መፋቂያ፣ የሙጫ ሮለር ሁሉ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ጣራ የሚመታ አናጢ ቆርቆሮውን ሲደራርብ የላይኛውን ከፍ አድርጎ ወደ ንፋሱ አያዞርም፤ ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ ፕላስተሩ ከአዲሱ ወረቀት ጫፍ ጋር እኩል ይለጠፍ፤ ያልተለጠፈ ምላስ አንድ ሚሊሜትርም አይቅር። የሚቻል ከሆነም ያ ጫፍ ማሽኑ ውስጥ ከቋሚ ብረት ጋር በማይተሻሸው ወገን ይሁን። የድሮውንም ጭራ አጭር አድርጉት፤ ሁለት ሦስት ጣት ይበቃል። ወደ ጎን ደግሞ ፕላስተሩ ከወረቀቱ ጠርዝ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ገባ ይበል፤ ከወጣ ከሚያልፍበት ሮለር ጋር ይጣበቃል።

አሁን ግፊቱ። ይህ ሙጫ ውሃም እሳትም አይፈልግም፤ የሚይዘው ሲጫን ነው። በመዳፍ አንዴ ዳሰስ አድርጎ ማለፍ መጫን አይደለም። በላቦራቶሪ ፕላስተር ሲፈተሽ የሚጠቀሙበት መደበኛ ሩሎ 2 ኪሎ ይመዝናል፤ እናንተም ጠንካራ ጎማ የለበሰ የእጅ ሩሎ አሠሩና ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ዳሮቹ ላይ ተጨማሪ፣ ጫን እያላችሁ ሂዱበት። የተጫነውንና ያልተጫነውን ዓይን ይለየዋል። በቡናማው ፕላስተር ሥር አየር ያለበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ሩሎው ሲያልፍበት ይጠቁራል። አንድም ነጣ ያለ ነጥብ እንዳይቀር። ከዚያ ወዲያው አትነሱ፤ የድሮውን ኮር፣ ወረቀቱ የተጠቀለለበትን ቱቦ፣ እስክታወርዱና ወለሉን እስክታጸዱ ያለችው ጊዜ ሙጫው ወደ ወረቀቱ እንዲገባ ትረዳዋለች።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ቃጫ ተነቅሎበት የሚመጣ ቅጥያ ካለ ወደ ፍሬኑ ሂድ። አሮጌ ማሽኖች በአብዛኛው ሮሉን የሚይዙት በእጅ በሚጠብቅ ፍሬን ነው። ፍሬኑ የሚይዘው ዘንጉን ነው፤ ወረቀቱ የሚሳበው ግን ከሮሉ ውጫዊ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ሮሉ ባነሰ ቁጥር ውጥረቱ ይጨምራል። በ120 ሴንቲሜትር ዲያሜትር የጀመረ ሮል 12 ሴንቲሜትር ሲደርስ፣ ፍሬኑን ማንም ካልነካው፣ ውጥረቱ አሥር እጥፍ ሆኗል። ጥሩ ኦፕሬተር ይህን በእጁ ያውቀዋልና ሮሉ ሲያንስ ፍሬኑን እያላላ ይመጣል። ጣጣው ከቅጥያው በኋላ ነው። አዲሱ ሮል ከባድ ነው፤ ፍሬኑ ደግሞ ለትንሹ ሮል እንደላላ ቀርቷል። ማሽኑ ትንሽ ሲቀንስ ሮሉ በራሱ ክብደት ይሮጣል፤ ወረቀቱ ይላላል፤ ማሽኑ መልሶ ሲጎትት በአንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ይወጠራል። ቀን ሙሉ 50 ኪሎ የሚሸከም ቅጥያ ያችን ቅጽበት አይችላትም። አዲስ ሮል ሲጫን ፍሬኑ ወደ ሙሉ ሮል ልኩ ይመለስ፤ አነሳሱም ቀስ ተብሎ፣ ቅጥያው የሞገዱን ሮለር እስኪያልፍ በዝግታ ይሁን። የፍሬኑን ልክ በቀለም እንዲያመለክቱበት አድርግ፤ የጠዋቱ ኦፕሬተር ያወቀውን የከሰዓቱ ካላወቀው የፈረቃው ልዩነት ከዚህም ሊመጣ ይችላል።

ሮሉም ራሱ አንዳንዴ አስቀድሞ የተጎዳ ነው። አብዛኛው ሮላችን በጂቡቲ ወደብ እርጥበት አልፎ ነው ወደዚህ ደረቅ አየር የሚመጣው። ተገፎ ሲቆም ዳሮቹ ቀድመው ይደርቃሉ፣ ይኮማተራሉ፤ መሐሉ ላላ እንዳለ ዳሮቹ ይወጠራሉ። መጠቅለያው እስከ መጨረሻው ይቆይ ያልኩህ ለአቧራ ብቻ አይደለም። ፎርክሊፍት የጎዳውን የላይ ንብርብር በቢላዋ ስትቆርጡም ከልክ አታልፉ። 120 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ካለው ሮል ላይ 5 ሚሊሜትር ብቻ ብትገፍፉ፣ ወረቀቱ 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ከ90 ሜትር በላይ ነው የሄደው፤ ስፋቱ 160 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱም በካሬ ሜትር 150 ግራም ሲሆን ወደ 22 ኪሎ ይጠጋል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ወረቀቱ ከኮሩ ላይ ተፈትሎ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የመጨረሻዎቹ ዙሮች የተጨማደዱ ናቸው፤ ጅራቱም ሲወጣ ይገርፋል። በ10 ሴንቲሜትር ኮር ላይ 1.5 ሴንቲሜትር ከሁሉም ዙሪያ ከቀረ 27 ሜትር አላችሁ ማለት ነውና፣ ከዚያ ባነሰ፣ ግን ኮሩ ሳይታይ አቁሙ።

ወደ ጥያቄህ፣ ወደ ፕላስተሩ ግዢ። የሚያስፈልግህ ባለ ሁለት ፊት፣ ከወረቀት የተሠራ፣ ለወረቀት መቀጠያ ተብሎ የተዘጋጀና በውሃ የሚበተን ሙጫ ያለው ፕላስተር ነው። «በውሃ የሚበተን» የምትለዋን ቃል አጥብቀህ ያዝ፤ የቁርጥራጭ ገዢህ ቅሬታ መልሱ እሷ ናት። ቁርጥራጭ ወረቀት ፋብሪካ ሲደርስ በትልቅ ጋን ውስጥ ከውሃ ጋር ተፈጭቶ ይፈታል። ፕላስቲኩ አይፈታም፤ በወንፊት የሚቀረው ይቀራል። የባሰው ሙጫው ነው። ተበጣጥሶ ከቃጫው ጋር ያልፍና ሽቦ ወንፊቱ፣ ፌልት የሚባለው ወፍራም ጨርቁና ማድረቂያው ሲሊንደር ላይ ይለጠፋል፤ አዲሱን ወረቀት ይበሳዋል፣ ይበጥሰዋል። ሰውየው ዋጋ ቢቀንስብህ የሚያወጣውን ኪሳራ አስልቶ ነው። በውሃ የሚበተነው ግን ሙጫውም ሥጋውም ከወረቀቱ ጋር ይፈታል።

ጉድለቱንም ልንገርህ። በውሃ የሚበተን ስለሆነ እርጥበት ጠላቱ ነው። እንፋሎት በሚረጭበት ቦታ ላይ ሊዳከም ይችላል፤ እርጥብ መጋዘን ውስጥም ይበላሻል። ስለዚህ ካርቶን ሙሉ ከማዘዝህ በፊት ናሙና ጠይቅ፤ የሙቀት ልኩ የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቅ፤ ናሙናውን በራሳችሁ ወረቀት፣ በራሳችሁ ከሰዓት ሞክር። በቀላሉ ለመፈተን፦ ቀጥለህ በሩሎ ተጫነው፣ አንድ ደቂቃ ቆይ፣ ከዚያ ላጠው፤ የወረቀቱን ቃጫ ነቅሎ ከመጣ ይሆንሃል። በውሃ መበተኑንም ራስህ ማየት ትችላለህ፤ ቁራጩን ከወረቀት ቁርጥራጭ ጋር ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈህ በጁስ መጭመቂያ ፍጨው፤ ጥቁር ሳህን ላይ ስታፈስሰው የሚያጣብቅ ጓል ወይም ላስቲክ ካየህ ሻጩ የነገረህ እውነት አይደለም። ሰም ወይም ፕላስቲክ የተቀባ ወረቀት የምታስገቡ ከሆነ ግን ይህ ፕላስተር አይዘውም፤ ለዚያ ሌላ ነው የሚያስፈልገው።

ፕላስተሩ ከውጭ እስኪገባ ወራት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው ቁርጥራጩን አድኑ። ቅጥያው ያለበትን ክፍል ከፊትና ከኋላ ሰላሳ ሰላሳ ሴንቲሜትር ጨምራችሁ ቆርጣችሁ በተለየ ጆንያ አስገቡ፤ ለገዢው ከሚሄደው ጋር አይቀላቀል። በሮሉ ዳር ባለ ቀለም ወረቀት ሰክታችሁ ቅጥያው ያለበትን ቦታ አመልክቱ፤ መቁረጫው ጋ ያለው ሠራተኛ አይቶ ያንን ካርቶን ያውጣ። ቅጥያ ያለበት ካርቶን ደንበኛ ዘንድ መድረስ የለበትም፤ ምግብ የሚታሸግበት ከሆነማ ጭራሽ።

ራሱ የሚቀጥል መሣሪያ ስለማስገባት አለቃህ ካነሱ አጭር ሒሳብ ይኸውልህ፤ በደቂቃ 150 ሜትር የሚሄድ ማሽን በሰከንድ 2.5 ሜትር ይበላል፤ ቅጥያው 8 ሰከንድ ቢወስድ ማሽኑ ሳይቆም እንዲቀጥል 20 ሜትር ወረቀት በማጠራቀሚያ ሮለሮች ላይ ተንጠልጥሎ መጠበቅ አለበት። ፍጥነታችሁ ከዚያ በታች ከሆነ ጥሩ ጠረጴዛና ጥሩ ሩሎ ለአሁኑ ይበቃችኋል ባይ ነኝ። የሚበርረው ቅጥያ፣ ሮሉ እየተሽከረከረ የሚጣበቀው፣ የጋዜጣ ማተሚያዎች ሥራ ነው፤ እናንተን አይመለከትም።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ፍጥነት ለማግኘት ማሽኑ በዝግታ እየዞረ ቅጥያውን በመዳፍ የሚጫን ሠራተኛ ካለህ ዛሬውኑ አስቁመው። እኔ ባለሁበት አንድ ባልደረባችን እንደዚያ ሲያደርግ የእጅጌው ጫፍ ከወረቀቱ ጋር ገባ፤ ሦስት ጣቱን አጣ። ማሽኑ ይጠፋል፣ ማብሪያው ይቆለፋል፣ ቁልፉ ቅጥያውን የሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ይቀጠላል። በከተር (በምላጭ መቁረጫው) ወደ ራስ እየሳቡ መቁረጥም ይቅር።

እንግዲህ ከነገ ጀምረህ ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዝ። ሰዓቱ፣ የሮሉ ዓይነት፣ ማን ቀጠለው፣ ያዘ ወይስ ተላቀቀ፣ ከተላቀቀ ፊቱ ምን ይመስላል፦ ቃጫ፣ ንጹሕ ወይስ ማስቲካ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አሁን እንደምትሠሩት ሥሩ፤ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ፕላስተሩን ሳትለውጥ የላይኛውን ዙር መጣሉንና ሩሎውን ብቻ ጨምር። ከተላቀቁት ውስጥ ሦስት አራቱን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ሙጫው ያለበት ፊት ወደ ላይ ሆኖ፣ ከጎን ብርሃን አብራበት፤ ቃጫው የሚታየው እንደዚያ ነው።